ብሩ ለምን አልተቃጠለም?

ትዕይንቱ እንዲህ ነው። አቅራቢው ከተመልካቾች መካከል አንዱን ጠርቶ ባለሁለት መቶ ብር ኖት ይቀበላል። ኖቱን ግራና ቀኝ እያገላበጠ ያሳያል፤ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ይነክረዋል፤ ከዚያም በመቆንጠጫ አንሥቶ ክብሪት ይለኩስበታል። ነበልባሉ ከታች ጀምሮ ብሩን እስከ ጫፉ ይውጠዋል። ባለገንዘቡ እጁን በራሱ ላይ ይጭናል፤ ሕዝቡ ይጮኻል። ጥቂት ሰከንዶች ካለፉ በኋላ እሳቱ ማንም ሳያጠፋው ይጠፋና ብሩ ቀለሙ ሳይለቅ፣ ጽሑፉ ሳይደበዝዝ፣ ትንሽ ርሶና ሞቅ ብሎ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ይህን የመሰለ ቪዲዮ ያላየ ወጣት ዛሬ በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ማግኘት ያስቸግራል። ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት እንኳ ስርጭቱ አልቆመም፤ ሙዚቃ ቤቶች ዘፈን በሚጭኑበት ሚሞሪ ካርድ አብሮ ይጫናል፣ ከስልክ ወደ ስልክም ይተላለፋል። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተባባሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተው ከርመዋል። ክፍት የሆኑትም ቢሆኑ ኬሚስትሪን በአብዛኛው የሚያስተምሩት በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ነው። ስለዚህ ብዙ ልጆች በሕይወታቸው ያዩት የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ሠርቶ ማሳያ ከስልክ ያገኙት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የስልኩ መምህር ደግሞ ውጤቱን ያሳይና ምክንያቱን ይደብቃል፤ እንጀራው ያለው በመደበቁ ላይ ነውና አይፈረድበትም።

እኔን ያሳሰበኝ ግን መደበቁ አይደለም። በዚህ ትዕይንት ላይ አደገኛ የሚመስለው ነገርና በእርግጥ አደገኛ የሆነው ነገር ለየቅል ናቸው። ሁሉም ዓይኑን የሚተክልበት የሚነደው ብር፣ መድረኩ ላይ ካለው ነገር ሁሉ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ሰውን ለዕድሜ ልክ ጠባሳ የሚዳርገው ከጎን የቆመው፣ ማንም ልብ ያላለው የአልኮል ጠርሙስ ነው። ትዕይንቱን አይተው ቤታቸው የሚሞክሩት ልጆች የሚጠነቀቁት ለብሩ ነው፤ ጠርሙሱን ክዳኑን ከፍተው አጠገባቸው ያስቀምጡታል።

ከፈሳሹ እንጀምር። ሳህኑ ውስጥ ያለው ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ውኃና ኢታኖል ነው። ኢታኖል በጠላ፣ በጠጅና በአረቄ ውስጥ ያለው፣ የሚያሰክረው አልኮል ነው። ሁለቱ ፈሳሾች እንደ ዘይትና ውኃ አይለያዩም፤ በየትኛውም መጠን ቢቀላቀሉ አንድ ወጥ ይሆናሉ። እንዲያውም ሞለኪውሎቻቸው በጣም ስለሚቀራረቡ 50 ሚሊ ሊትር ውኃ ከ50 ሚሊ ሊትር አልኮል ጋር ሲደባለቅ መቶ አይሞላም፤ 96 ወይም 97 ገደማ ላይ ይቆማል። የጠፋ ነገር የለም፤ ተጠጋግተው ቦታ ቆጠቡ እንጂ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በመስፈሪያ ቱቦ ያየ ተማሪ መምህሩ አሳስቶ የቀዳ ይመስለዋል።

ክብሪቱ ሲለኮስ ወረቀቱም ሆነ ፈሳሹ ራሱ አይነድም። የሚነደው ከፈሳሹ ገጽ ተነሥቶ ከአየር ጋር የተቀላቀለው የአልኮል ተን ነው። አልኮል በባሕር ወለል ከፍታ በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ውኃ ደግሞ በ100 ይፈላል። ስለዚህ አልኮሉ ቀድሞ እየተነነ ይነዳል፤ ውኃው ወደ ኋላ ቀርቶ ወረቀቱን አርሶ ይቆያል። ደረቅ ወረቀት እሳት ለመያዝ 230 ዲግሪ ገደማ መድረስ አለበት። ርጥብ ወረቀት ግን ውስጡ ውኃ እስካለ ድረስ ከውኃ መፍያ ነጥብ በላይ አይሞቅም፤ ወደ እርሱ የሚመጣው ሙቀት ሁሉ ውኃውን እንፋሎት በማድረግ ያልቃል። አንድ ግራም ውኃ ከፈላ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪተን ድረስ ብቻ 2,260 ጁል ያህል ሙቀት ይበላል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል፣ ማለትም በውኃው 100 እና በወረቀቱ 230 መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ነው ብሩን የሚያተርፈው።

ማብራሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማሉ። «ውኃው ሙቀቱን ስለመጠጠው ነው» ብለው ያልፋሉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ሒሳቡን የሠራ ሰው ግን አንድ ነገር ይከነክነዋል። ኖቱ አንድ ግራም ድብልቅ ጠጥቷል እንበል፤ ለስሌቱ እንዲመች ግማሽ ግራሙ አልኮል፣ ግማሽ ግራሙ ውኃ ይሁን። አንድ ግራም አልኮል ተቃጥሎ ሲያልቅ 30,000 ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ስለዚህ ከግማሽ ግራሙ 15,000 ጁል ይወጣል። ግማሽ ግራም ውኃን ከ20 ዲግሪ አንሥቶ አፍልቶ ለማትነን የሚያስፈልገው ግን 1,300 ጁል ገደማ ብቻ ነው። እሳቱ የሚያወጣው ሙቀት ውኃው ሊሸከም ከሚችለው ከ11 እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። ሙቀቱ ሁሉ ወደ ወረቀቱ ቢገባ ኖሮ ውኃው በቅጽበት አልቆ ብሩ አመድ በሆነ ነበር።

ታዲያ ቀሪው ሙቀት የት ሄደ? ወደ ላይ። የነደደው ጋዝ ትኩስና ቀላል ስለሆነ ሽቅብ ይወጣል፤ ሙቀቱንም ይዞ ከመድረኩ በላይ ባለው አየር ውስጥ ይበተናል። ወደ ወረቀቱ የሚመለሰው ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው፤ ከዚያም ላይ አልኮሉ ራሱ ሲተን የድርሻውን ይወስዳል። ለውኃው የሚተርፈው የሚችለውን ያህል ብቻ ይሆናል። ጉዳዩ እሽቅድምድም ነው፦ ማገዶው ከውኃው ቀድሞ ካለቀ ብሩ ይተርፋል። ያንኑ ርጥብ ብር ሻማ ላይ ይዞ የሚቆይ ሰው ግን ያቃጥለዋል፤ የሻማው ማገዶ ከውኃው ጋር አብሮ አያልቅምና።

ከዚህ በመነሣት የአቅራቢው ምሥጢር መጠን መሆኑን መረዳት ይቻላል። ድብልቁ 90 ወይም 95 በመቶ አልኮል ከሆነ ውኃው ቀድሞ ያልቅና ወረቀቱ ይከስላል። አልኮሉ ሲያንስ ደግሞ ክብሪት ቢለኮስበትም አልይዝ ይላል፤ ቢይዝም ቶሎ ይጠፋል። ልምድ ያለው አቅራቢ እንኳ የሚፈራቸው የብሩን አራት ማዕዘኖች ነው። ጠርዝና ማዕዘን ቀጭን ፈሳሽ ይይዛል፣ አየርም ከሁለት ወገን ያገኘዋል፤ ስለዚህ ከመሀሉ ቀድሞ ይደርቃል። ቪዲዮውን አቁማችሁ የተመለሰውን ኖት ጥግ ጥጉን ብታዩት አንዳንዴ ቡኒ የሆነ ነጥብ ታገኛላችሁ። አቅራቢው ብሩን ወዲያው እንደማጠፍ ብሎ የሚመልሰው ለዚህ ይሆናል።

ሌላም የተደበቀ ነገር አለ። የአልኮል ነበልባል ገርጣ ያለ ሰማያዊ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ጭራሽ አይታይም። ይህ ለትዕይንት አይመችም። ስለዚህ ድብልቁ ላይ አንድ ቁንጥር የገበታ ጨው ይጨመራል፤ በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲሞቅ ደማቅ ብጫ ብርሃን ስለሚሰጥ እሳቱ ከሩቅ ይታያል፣ ያስፈራልም። ጨው መጨመር እሳቱን አያሞቀውም። እንዲያውም ከደኅንነት አንጻር ካየነው የተሻለው ይኸኛው ነው፤ የሚታይ እሳት ከማይታይ እሳት ይሻላል። ቤቱ ያለ ጨው የሚሞክር ልጅ «ጠፍቷል» ብሎ እጁን የሚሰድበት ነበልባል ገና እየነደደ ሊሆን ይችላል።

አሁን ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ወዳሉበት ወደ ጎጃም እንመለስ። የመድረኩን ድብልቅ ለመሥራት እዚህ አገር ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ተዘጋጅቶ በጠርሙስ ይሸጣል። የዳጉሳ አረቄ የሚያወጡ ሴቶች ድፍድፉን በጌሾና በብቅል ያብላላሉ፤ ሲደርስ ጥደው አፉን መርገው እንፋሎቱን በሸምበቆ ወይም በቀርከሃ ቱቦ ያወጡታል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ላይ ሲደርስ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። የኬሚስትሪ መጻሕፍት ፈሳሽን አትንኖና አቀዝቅዞ ስለ ማጣራት የሚጽፉት ምዕራፍ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ተራው አረቄ ከ34 እስከ 40 በመቶ ገደማ አልኮል ይይዛል፤ ድጋሚ የተጣራው ዳግም አረቄ ደግሞ 45 በመቶ ገደማና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ዳግም አረቄ ማንም ሳይቀላቅለው ለትዕይንቱ ከሚፈለገው መጠን አጠገብ ነው። ጠጪዎችም «ጥሩ አረቄ እሳት ይይዛል» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ጠብ አድርጎ ክብሪት ሲለኩስበት ሰማያዊ ብልጭታ ካየ ገንዘቡን ይከፍላል። ያ ሰው ሳያውቀው የአልኮል መጠን እየለካ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ መለኪያ የማያስተማምን መሆኑን አረቄ አውጪዎቹ ራሳቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ከተጣደው ድፍድፍ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ብርቱ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ይሳሳል፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣው አብዛኛው ውኃ ነው። ስለዚህ ከአንዲት ሴት ቤት በሁለት የተለያዩ ቀናት የተገዛ አረቄ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። በዛሬው አረቄ ብሩን በሰላም ያነደደ ልጅ በነገው ያከስለዋል፤ ወይም ደግሞ አልያዝ ሲለው «ደካማ ነው» ብሎ ሌላ ነገር ይጨምርበታል። ነገር የሚበላሸው ይህ ሌላ ነገር ሲጨመር ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ቦታውም የራሱ ድርሻ አለው። አንድ ፈሳሽ ክብሪት ሲቀርብለት ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን መስጠት የሚጀምርበት ዝቅተኛ የሙቀት መጠን አለው። ለ40 በመቶ አልኮል ይህ መጠን በባሕር ወለል ከፍታ 26 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለንጹሕ አልኮል ደግሞ 17 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ቁጥሩ በጥቂት ዲግሪዎች ዝቅ ይላል። ጎጃም ደግሞ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ሁሉም ዓይነት አየር ያለበት አገር ነው። ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው የጮቄ ተራራ ብርድ ማለዳ አልያዝ የሚል አረቄ፣ ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ፣ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ በቀትር ሙቀት ክብሪቱ ሳይነካው ጭምር ሊቀበል ይችላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቀትር ሙቀቷም አብዛኛውን ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ነው። «ትናንት አልነደደም» የሚለው ልምድ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም።

ወደ ጠርሙሱ ልምጣ። ግማሹ የተቀዳ የአልኮል ጠርሙስ ባዶ የሚመስለው ክፍሉ ባዶ አይደለም፤ የአልኮል ተንና አየር ተቀላቅለው ሞልተውታል። እሳቱ ሊጠፋ ሲል ወይም ጠፍቷል ተብሎ ሲታሰብ ከጠርሙሱ ወደ ሳህኑ ሲጨመር፣ ነበልባሉ የሚወርደውን ፈሳሽ ተከትሎ ወደ አፉ ይወጣል፣ ውስጥ ያለውንም ቅልቅል ይለኩሰዋል። የተለኮሰው ጋዝ በቅጽበት ይሰፋል፤ መውጫው ጠባብ አፍ ብቻ ስለሆነ ቀሪውን ፈሳሽ እየነደደ ወደ ፊት ይተፋዋል። የሚተፋው ብዙ ሜትር ርቆ ይደርሳል፤ አቅጣጫው ደግሞ ጠርሙሱ ወደ ዘነበለበት፣ ብዙ ጊዜም ተመልካቾች ወደ ተቀመጡበት ነው። ጠርሙሱን የያዘው ሰው ትንሽ ተቃጥሎ ፊት ለፊት የተቀመጡት ክፉኛ የሚቃጠሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ደርሷል፤ ያደረሱትም ቀማኛ ምትሃተኞች ሳይሆኑ ለማስተማር የተነሡ ሰዎች ናቸው። በጃንዋሪ በኒው ዮርክ ከተማ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ጨዎች ነበልባልን እንዴት እንደሚያቀልሙ ሜታኖል በተባለ ሌላ ዓይነት አልኮል ሲታይ በተነሣ እሳት ተማሪዎች ተጎዱ፣ አንዱ ክፉኛ ተቃጠለ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ በኔቫዳዋ ሬኖ ከተማ በአንድ የሳይንስ ሙዚየም 13 ሰዎች ተጎዱ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በዴንቨር አራት ተማሪዎች ተጎዱ። የአገሪቱ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ባወጣው ማሳሰቢያ ላይ የተናገረው ዋና ነገር በጣም ቀላል ነው፦ ለሠርቶ ማሳያ ጥቂት ፈሳሽ የሚበቃ ሲሆን ትልቁን ዕቃ ይዛችሁ አትቅረቡ።

በእነዚህ አደጋዎች ላይ የነበረው ሜታኖል ከኢታኖል ጋር ሊምታታ አይገባም። ሜታኖል በ65 ዲግሪ ይፈላል፣ ከኢታኖል ይልቅ ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ነበልባሉም ይበልጥ የማይታይ ነው፤ ከተጠጣ ደግሞ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። በመልክና በሽታ ሁለቱን መለየት አይቻልም። በመሆኑም «አልኮል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት ለሕይወት ያሰጋል።

ልጆች አረቄው አልያዝ ሲላቸው የሚጨምሩት ሌላ ነገር ብዙውን ጊዜ ቤንዚን ነው። በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች ከተሞች ነዳጅ በጠፋ ቁጥር ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል፤ ከባጃጅና ከሞተር ብስክሌትም ይቀዳል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። ከውኃም ጋር አይዋሐድም። እላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ከአልኮሉ ጋር የተዋሐደው ውኃ ለብሩ ያደረገው ጥበቃ እዚህ የለም። ብሩ ይቃጠላል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ እየተሳበ ራቅ ካለ ምድጃ ወይም ከሰል ድረስ ሄዶ እሳቱን ይዞ ሊመለስ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ከኮሮና ወረርሽኝ ጋር በየቤቱ የገባው ሳኒታይዘርም አለ። በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር የሚዘጋጀው 80 በመቶ ኢታኖል ነው፤ የሚቀረው ውኃ ወረቀቱን ለማዳን አይበቃም። ዝልግልጉ ዓይነት ደግሞ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ እየነደደም አይወርድም።

አንድ ነገር በበጎ ጎኑ መነገር አለበት፦ የአልኮል እሳት ከቤንዚንና ከዘይት እሳት በተለየ በብዙ ውኃ ይሸነፋል፤ ውኃው ይዋሐደውና ያቀጥነዋል። ሳህኑን በክዳን መድፈን ከሁሉ ይቀላል። ልብስ ከተያዘ መሮጥ እሳቱን ያራግበዋል፤ መሬት ላይ ተንከባልሎ ማፈን ይሻላል። የተቃጠለ ቆዳ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ሥር ይቆያል፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጭቃ፦ እነዚህን ሁሉ መቀባት ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ማስቀረትና ቁስሉን ማመርቀዝ ነው።

ከብሩ ጋር አብረው የሚዞሩ ሌሎች ትዕይንቶችም አሉ፤ በአጭሩ ልለፋቸው። ያለ ክብሪት እሳት የሚያስነሣው አቅራቢ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ሐምራዊውን ፖታሲየም ፐርማንጋኔትና ለቆዳ ማለስለሻ በየቤቱ ያለውን ግሊሰሪን ነው። የመጀመሪያው ኦክስጅን ለጋሽ ነው፣ ሁለተኛው ማገዶ። ሲገናኙ ወዲያው አይነዱም፤ ሙቀታቸው ቀስ እያለ ተጠራቅሞ ድንገት ይቀጣጠላል። የቆይታው ርዝመት በአየሩ ሙቀትና በዱቄቱ ልመት ስለሚወሰን በቅዝቃዜ ይዘገያል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። «እንቢ አለ» ብሎ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ፊቱን ይሰጣል። እዚህም ቢሆን የሚያስፈራው እሳቱ ነው፣ የሚጎዳው ግን ጸጥ ብሎ የቆየው ጊዜ ነው።

ሌላው «ደም» የሚወጣበት ነው። አቅራቢው «ሕመሙን ስቤ አወጣለሁ» ብሎ የታማሚውን ክንድ ያሻል፣ ቆዳውም ቀይ ይሆናል። ለዚህ የሚበቃው እርድና የአመድ ውኃ ነው። በእርድ ውስጥ ያለው ብጫ ቀለም እንደ አመድ ውኃ፣ ኖራ ወይም ሳሙና ያለ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲነካው ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል። አልጫ ወጥ የፈሰሰበትን ነጭ ነጠላ በሳሙና ያጠበች ሴት ሁሉ ይህን አይታለች፤ ብጫው እድፍ ድንገት ቀልቶ አስደንግጧት ያውቃል። እርድ በነካው ክንድ ላይ በአመድ ውኃ የረሰ እጅ ሲያልፍበትም የሚሆነው ይኸው ነው። ይህኛው ማንንም አያቃጥልም። ታማሚውን ከሕክምና ካዘገየው ግን ጉዳቱ ከእሳቱ ሊብስ ይችላል።

የእነዚህ ትዕይንቶች አቅራቢዎች ለምን ራሳቸውን «ከጎጃም የመጣ» እያሉ እንደሚያስተዋውቁ ለአገሩ ሰው ግልጽ ነው። ጎጃም ሲነሣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማዕከሎቹን ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማ ጊዮርጊስን ከማንሣት ይልቅ መተትና ድግምት የሚቀናው ሰው ብዙ ነው። ዘመኑን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥር የኖረ ሊቅ ባለበት አገር፣ ስሙን የሚነግድበት አንድ ጠርሙስ አልኮል የያዘ ጎረምሳ መሆኑ ያናድዳል። ምትሃትን ለመዝናኛ የሚያቀርብ ሰው ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ተመልካቹም እየተታለለ መሆኑን አውቆ ከፍሎ ይገባል። በኃይል አምጪነት ወይም በፈዋሽነት ስም ሲሆን ግን ኬሚስትሪው ያው ሆኖ ግብይቱ ሌላ ይሆናል።

መፍትሔው ቪዲዮውን መከልከል ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም፤ በሚሞሪ ካርድ የሚዞርን ነገር ማን ይከለክላል? ይልቅ መምህራን ትዕይንቱን ወደ ክፍል አምጥተው ቢፈቱት ይሻላል፤ በጥንቃቄ ከሆነ ማለቴ ነው። ለዚህ ብር አያስፈልግም፤ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አንድ ዓይነት ነው፣ የአገር ገንዘብንም ማዋረድ አይኖርም። መምህሩ ወረቀቱን አስቀድሞ ሌላ ክፍል ውስጥ ነክሮ፣ ጠርሙሱን ከድኖ እዚያው ትቶ፣ እጁን አድርቆ ወረቀቱን ብቻ በረጅም መቆንጠጫ ይዞ ይመጣል። ተማሪዎች ራቅ ብለው ይቆማሉ። አንዴ ብቻ ይለኮሳል፤ ማንም ምንም አይጨምርም። ርጥብ ጨርቅና ውኃ አጠገቡ ይኖራል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚያገለግል የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ) ማዕከል አለው፤ መምህራን ይህን መሰል ሠርቶ ማሳያ ቢለማመዱ ከእንዲህ ያለ ቦታ የተሻለ የለም።

እሳት መለኮስ የማይቻልበት ትምህርት ቤትም ቢሆን ነገሩን ማስተማር አያቅተውም። የምሥጢሩ ግማሽ ውኃ ከመፍያ ነጥቡ በላይ አልሞቅም ማለቱ ነው፤ ይህንን ለማየት አንድ ድስት ውኃና አንድ ቴርሞሜትር ይበቃል። ውኃው ሲንተከተክ ተማሪዎች በየደቂቃው ያንብቡ፤ ማገዶ ቢጨመርም ቁጥሩ አይነቃነቅም። ያገኙትን ከመጽሐፋቸው ጋር ሲያወዳድሩ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፦ መጽሐፉ 100 ይላል፣ ባሕር ዳር ላይ ግን 94 ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ 92 ገደማ ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ ስለ አየር ግፊትና ስለ ከፍታ ማውራት ይጀመራል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ባቄላ ለመቀቀል ከባሕር ዳር ይልቅ ለምን እንደሚቆይም ከዚያው ይወጣል።